በሎብስተር የተከፈለ ጥርስ

“አንዳንዱ እኮ የልጁን ጥርስ ሸጦ ቴሌቪዥን ገዝቶበታል!” አለች ኤርኔስቲን፣ ድምፅዋን ከማሽኑ ጩኸት በላይ ከፍ አድርጋ። “አሁን መልሱ ሲባሉ ዋይ ዋይ!”

በሎብስተር ፋብሪካው ማሸጊያ ጠረጴዛ ዙሪያ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። ኖኤላም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ፣ ብቻዋን ዝም ብትል ያስታውቅባታል። እጇ ላይ ያለው ሎብስተር፣ ያ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ፣ መቆንጠጫው በጎማ ታስሮ ይወራጫል። መጠኑን አይታ ወደ ሣጥኑ መወርወር ሲገባት ይዛው ቀረች።

“ምነው ኖኤላ፣ ልታገቢው ነው እንዴ?” አለቻት ኤርኔስቲን።

“ከዞኤል ይሻለኛል ብዬ ነዋ” አለችና ወረወረችው። እንደገና ተሳቀ።

“ለእኔም ደብዳቤው መጥቷል” አለች ከጎኗ የቆመችው ወጣት እናት። “ደግነቱ ደረሰኞቼን በሙሉ ብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ባሌ ‘ወረቀት ለቃሚ’ እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር፤ አሁን የት ይግባ!”

“ታዲያስ! ያሳከመ ያሳያል፣ የበላ ይተፋል” አለች ኤርኔስቲን፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ። ኤርኔስቲን ክፉ ሴት ሆና አይደለም። አራት ልጅ ብቻዋን አሳድጋ ጨርሳለች፤ በእሷ ጊዜ ለጥርስ ብሎ ቤሳ የሰጣት መንግሥት አልነበረም። ስለዚህ ትናገራለች።

ነገሩን ላልሰማ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንግሥት የጥርስ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ቤተሰቦች፣ ለትንንሽ ልጆቻቸው ማሳከሚያ የሚሆን ገንዘብ ሰጥቶ ነበር። በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ትጠይቃለህ፣ ኢንሹራንስ የለኝም፣ ልጆቼን ላሳክም ነው ትላለህ፣ በሳምንቱ ባንክህ ይገባል። መንግሥትን ለማማት አይደለም፤ ሲሰጥም ደረሰኝ አስቀምጡ፣ አንድ ቀን እንጠይቃችኋለን ብሎ ነው የሰጠው። ያቺ አንድ ቀን ደግሞ ይኸውና መጣች። ማሳከሙን ማሳየት ያልቻለ ገንዘቡን ይመልስ ተባለ። በቅድስት ማርያም ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ከካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ይቻላል፣ በዚያ ሰሞን ሰው ከሎብስተር ዋጋ ይልቅ ስለዚህ ደብዳቤ ያወራ ነበር።

የኖኤላም ደብዳቤ የመጣው ትናንት ነው። ለሁለቱ ልጆቿ የወሰደችው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዶላር ነበር። ልጆቿን አሳክማለች። ደረሰኝ ግን የላትም። ገና ለባሏም አልነገረችውም።

የዕረፍት ደወል እንደተደወለ ጓንቷን አውልቃ፣ የጎማ ቦቲዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ ወደቡ ወረደች። ነፋሱ ሰሞኑን አላስወጣ ስላለ ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረው ቆመዋል። ባሏ ዞኤል በአጎቱ ልጅ በኡሊስ ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። የተበጠሰ ገመድ እየቋጠረ አገኘችውና ደብዳቤውን ሰጠችው። እሱም ቆሞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

“ዱብ ዕዳ!” አለ። “ምንድን ነው ይሄ? አሳክመናል አይደለም እንዴ?”

“አሳክመናል።”

“ከፍለናል አይደለም እንዴ?”

“ከፍለናል።”

“እና?”

“እናማ አንተው በባልዲ ነው የከፈልከው፤ ለባልዲ ደረሰኝ አይቆረጥም።”

ዞኤል ገመዱን ወረወረው። መናደዱ አይፈረድበትም። ገንዘቡ በተሰጠበት ዓመት መኸር የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር። የሎብስተር ወቅት ሲከፈት ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ሲወጣ እሱ እጁን አስሮ በመስኮት ያይ ነበር። የማሞቂያው ነዳጅ አልቆ፣ ልጆቹ ከነካፖርታቸው ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። የትንሹ የኤምሪክ ጥርስ ደግሞ ተቦርቡሮ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሰው ነበር። ገንዘቡ ባንክ የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ኖኤላ ብሩን በፖስታ አድርጋ ልጆቹን ይዛ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ወደ ዶክተር ሊያንድር ሄደች። በዚያ ዳርቻ የዶክተር ሊያንድርን አመል የማያውቅ የለም። አርባ ዓመት ሙሉ እጅ ያጠረውን ሰው ባለው ነገር እያስከፈሉ ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዓሣ አጥማጅ ዓሣ፣ ከእንጨት ቆራጭ ማገዶ፣ ምንም ከሌላት መበለት የብሉቤሪ ማርማላታ። ፖስታውን መልሰው እጇ ላይ አስጨበጧት።

“በዚህ ነዳጅ ግዢበት” ነበር ያሏት። “በብርድ ቤት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ጥርሱ ቢሞላ ምን ያደርግለታል? የዞኤል እጅ ሲድን ሎብስተር ያመጣልኛል። የዕቃ ቤቴም ጣሪያ እያፈሰሰ ነው።”

ዞኤልም ቃሉን ጠበቀ። እጁ ከዳነ በኋላ ካፒቴኑ ለቤቱ ከሚሰጠው ድርሻ ላይ በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ወሰደላቸው፤ በጸደይ ወጥቶ ጣሪያውን እንዳለ ቀየረላቸው። ሂሳቡ ከተሠራ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

“ሂጂና ደረሰኙን ይቁረጡልሽ” አለ ዞኤል። “ምን ችግር አለው? ሰውየው በሕይወት አሉ፣ እኛም አልሰረቅን። እምቢ አይሉሽም።”

“ጡረታ ወጥተዋል እኮ።”

“ጡረታ የወጣ ሰው መጻፍ ይረሳል? ኖኤላ፣ ዘንድሮ ባሕሩ ምን እንደሰጠን አይተሻል። ከየት አምጥተን ነው የምንከፍለው? ካልከፈልን መንግሥት ለልጆቹ በየወሩ ከሚሰጠን ገንዘብ ላይ ሊቆርጡት ይችላሉ፤ እሱ ከተነካ ደግሞ ምግብ ነው የተነካው።”

“አውቃለሁ።”

“ደግሞ ኤርኔስቲን ብትሰማ...”

“እሱንም አውቃለሁ፣ በቃ!” አለች። እሷን የከነከናት እኮ ከብሩ ይልቅ ይኼ ነበር። ልጆቿን ማታ ማታ ጥርሳቸውን አስቦርሻ፣ አፋቸውን በባትሪ መብራት አይታ የምታስተኛ ሴት ናት። ትልቋ ልጇ ኦዲል በስምንት ዓመቷ “እናቴ ፖሊስ ናት” ብላ ለአስተማሪዋ ተናግራባታለች። እሷን ነው እንግዲህ የልጆቿን ጥርስ በላች የሚሏት።

ሥራ ስትጨርስ ፒክአፑን ይዛ ወደ ዶክተሩ ቤት ነዳች።

በሩን የከፈተችላት ልጃቸው ጊስሌን ናት። ጊስሌንና ኖኤላ አንድ ክፍል የተማሩ፣ የመጀመሪያ ቁርባናቸውን በአንድ ቀን የተቀበሉ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። አባቷ ልባቸውን ከታመሙ ወዲህ ጊስሌን የከተማ ሥራዋን ትታ መጥታ ትጠብቃቸዋለች። ኖኤላን ስታይ ፈገግ ማለት ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው።

“ገባኝ” አለች። “ግቢ።”

ዶክተር ሊያንድር ከምድጃው አጠገብ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አልቋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

“ኖኤላ ልጄ! ነይ ሳሚኝ። የኤምሪክ ጥርስ እንዴት ነው? ያ ተናካሽ! ጣቴ ላይ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ።”

“ደህና ነው ዶክተር። ሁሉም ደህና ናቸው። አሁንማ እርስዎ የሠሩለት የወተት ጥርስ ወልቆ በቋሚው እየተተካ ነው።”

“ወለቀ? እንዲህ ነው እንግዲህ የእኛ ሥራ፣ ወልቆ ይጣላል” ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ሳሉ እስኪያልፍላቸው ጠብቃ ነገሩን ነገረቻቸው። ዳር ዳር አላለችም። የመንግሥት ደብዳቤ መጥቷል፣ ማሳከሜን የሚያሳይ ወረቀት ይፈለጋል፣ እርስዎ ካልጻፉልኝ ገንዘቡን መመለሴ ነው አለቻቸው።

“ለዚህ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው? ካርኒው አሁንም ከቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ቆይ፣ ራሴ ነኝ የማመጣው፤ ጊስሌን ስታመጣው ታጠፋዋለች።” ከዘራቸውን ይዘው እየተንገዳገዱ ወደ ድሮው ማከሚያ ክፍል ገቡ።

ጊስሌን በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና ወንበሯን ስባ ተጠጋቻት።

“የመጀመሪያዋ አይደለሽም” አለች ዝግ ብላ። “ትናንት አንዷ መጥታ ነበር። አባዬ ተኝቷል፣ ካርኒውም ጠፍቷል ብዬ መለስኳት። አንቺን ግን መዋሸት አልሆነልኝም።”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“አባዬ ይሄን ሁሉ ሎብስተር፣ ይሄን ሁሉ እንጨት፣ አንድ ቀን ለግብር መሥሪያ ቤት አሳውቆ አያውቅም። ሊሰርቅ ብሎ አይደለም። አንድ ባልዲ ዓሣ ገቢ ይባላል ብሎ አስቦም አያውቅ! አሁን በአንቺ ደረሰኝ አንዱ ደውሎ ቢጠይቀው ምን የሚል ይመስልሻል?”

ኖኤላ ምን እንደሚሉ ታውቃለች።

“እየሳቀ ነው የሚነግራቸው” አለች ጊስሌን። “እነ እገሌ በማገዶ፣ እነ እገሊት በማርማላታ እያለ። ውሸት አያውቅም፤ የሚያፍርበትም ነገር የለውም። አንድ ክር ሲስቡ ሹራቡ ሁሉ ይተረተራል። ያለው ይሄ ቤት ብቻ ነው። ሐኪሙ ደግሞ አስደንጋጭ ነገር እንዳታሰሙት ብሎኛል።”

“እና እኔ ምን ላድርግ፣ ጊስሌን?” አለች ኖኤላ፣ ድምፅዋን እንደምንም ዝቅ አድርጋ። “የልጆቼን ምግብ ልስጥ? የአባትሽን የደግነት ዋጋ እኔ ልክፈል?”

“አትውሰጂ አላልኩም።”

“ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? ሳላውቅ ብወስደው ምን ነበረበት!”

“ብቻዬን መሸከም አቃተኝ” አለች ጊስሌን፣ ዓይኗም ሞላ። “በቃ፣ አቃተኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ሊያንድር ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ከፍ አድርገው ይዘው መጡ። “አንብቢው፣ ስህተት እንዳይኖረው። እጄ እንደ ድሮው አይታዘዝም።”

ኖኤላ አነበበችው። ፊደሉ ተንጋዷል፤ ሐሳቡ ግን ቀጥ ያለ ነው። “ከዞኤል ሶልኒየር ቤት፣ ለሴት ልጃቸው ሁለት ጥርስ፣ ለወንድ ልጃቸው አራት ጥርስ በመሙላቴ፣ አንድ ሙሉ ወቅት በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ሎብስተር እንዲሁም የዕቃ ቤቴን አዲስ ጣሪያ ተቀብያለሁ። ምንም ዕዳ የለባቸውም።” ከሥሩ ፊርማ፣ ከጎኑ የድሮው ማኅተም።

ሳቋ መጣ። አፏን በእጇ ከደነች፣ አልቆመላትም። ሳቁ ወዲያው እንባ ሆነ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለራሷም አልታወቃት።

“ምነው? የረሳሁት አለ?” አሉ ሽማግሌው ደንግጠው። ግንባራቸውን መቱ። “ኧረ የጨው ዓሣው! በፋሲካ ያመጣችሁልኝ! አምጪው፣ ልጨምረው።”

“የለም ዶክተር፣ እሱ ስጦታ ነበር” አለች ኖኤላ፣ ጉንጯን እየጠረገች። “ስጦታ አይጻፍም።”

“እሱስ ልክ ነሽ” አሉና ተቀመጡ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። አንድ ሰው ፈልጓቸው ከመጣ ስንት ጊዜ ሆኖታል። ስትወጣ ጊስሌን እስከ በሩ ሸኘቻት።

በእኛ ሰፈር ስልክ ደህና የሚሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ብቻ ነው። ኖኤላ ፒክአፑን እዚያ አቆመችና ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። ወረቀቱ ደረት ኪሷ ውስጥ ነው። ስትደውል ልቧ ገና ሁለት ነበር፤ እንዲያውም ወረቀቱን ወደ መስጠቱ ያደላ ነበር ብል አልዋሸሁም። እውነት ነው የተጻፈው፤ እውነት ደግሞ የእሷ ነው። ለዞኤል ምን ትለዋለች? በልጅ ጉርሻ ሰው ይቀልዳል እንዴ? ስልኩ ሙዚቃ ይዘፍናል፣ እሷ በሐሳቧ ወረቀቱን ትይዛለች፣ ትሰጣለች፣ መልሳ ትይዛለች። ሙዚቃው ድንገት ተቋረጠ።

“ሃሎ፣ ኢነስ እባላለሁ። ምን ልርዳዎት?” ድምፅዋ የወጣት ነው፣ ትሁት ነው። ኖኤላ ቁጥሯን ነገረቻት፤ ልጅቷም መዝገቡን ከፈተች።

“ወይዘሮ ሶልኒየር፣ የጎደለው የሕክምናው ማስረጃ ብቻ ነው። ደረሰኝ አለዎት?”

“ደረሰኝ...” አለች ኖኤላ።

“ባይኖርዎትም ተስፋ አይቁረጡ። ልጆቹን ያከመው ሐኪም አጭር ደብዳቤ ቢጽፍልዎት እናየዋለን። ወይም ስሙንና ስልኩን ይስጡኝ፣ እኛው ደውለን እናጣራለን። ብዙ ሰው በዚህ ጉዳዩ ተዘግቶለታል።”

ይኸው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላት። አንድ ስም መጥራት ብቻ ነው የቀራት። ግን ስሙን ልትጠራ አፏን ስትከፍት ዶክተር ሊያንድር ስልክ ሲያነሱ ታዩዋት፤ “አዎ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያከምኳቸው” ሲሉ፣ ደስ ብሏቸው ጨዋታውን ሲቀጥሉ፣ ጊስሌን ከወጥ ቤት ሮጣ ስትመጣ።

“ሃሎ? ይሰሙኛል? ልጆቹን ያከማቸው ማን ነበር?”

“ማንም” አለች ኖኤላ።

“ይቅርታ፣ አልሰማሁም።”

“አልወሰድኳቸውም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ አልሄዱም።”

በዚያኛው ጫፍ የጽሕፈቱ ድምፅ ቆመ።

“ሁለቱም?”

“ሁለቱም።”

“ገንዘቡ ለእሱ እንደሆነ ያውቁ ነበር አይደል?”

“አውቃለሁ። ነዳጅ ገዛሁበት። ቤቱ በርዶ ነበር።” ይቺን ስትናገር ብቻ ድምፅዋ አልተደናቀፈም።

“እንግዲህ በሙሉ መመለስ ይኖርብዎታል” አለች ልጅቷ። አልጮኸችባትም፤ ትሕትናዋም አልጎደለም፣ ቀዝቃዛ ሆነ እንጂ። “በአንዴ ካልቻሉ በየወሩ ማድረግ ይቻላል። ስንት ይችላሉ?”

“ሃምሳ።” ሃምሳ ማለት በእነሱ ቤት የኦዲል የሆኪ ክፍያ ማለት ነው። ከየት እንደምታሟላው አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ፈረቃ መጠየቅ ይኖርባታል።

ልጅቷ ሁሉንም መዝግባ፣ መልሳ አነበበችላትና ተስማሙ። ኖኤላ ስልኩ ሊዘጋ ነው ብላ ከጆሮዋ ልታነሳው ስትል፣ “ወይዘሮ ሶልኒየር” የሚል ድምፅ ሰማች። “ከሥራዬ ውጪ ነው፣ አይቀየሙኝ። እኔም ወልጃለሁ። የልጅ ጥርስ ችላ አይባልም። አሁን ሌላ የጥርስ ሕክምና ኢንሹራንስ መጥቷል፤ እባክዎ ያመልክቱና ልጆቹን አንድ ቀን እንኳ ይውሰዷቸው። ያሳዝናሉ እኮ።”

የኖኤላ ፊት እንደ እሳት ጋለ። ዶክተሩ ጥርሱን ሲሞሉለት የኤምሪክን ሁለት እግር ይዛ፣ እንዳይፈራ የመዋዕለ ሕፃናት መዝሙሩን ስትዘምርለት የነበረችው እሷ ናት። ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ከእነ ስሙ፣ ከእነ ባልዲው፣ ከእነ ጣሪያው። አንድ ጊዜ ዋጠችው፤ አልወረደም፣ እንደገና ዋጠችው።

“እሺ እህቴ” አለች። “እወስዳቸዋለሁ። ስላሰብሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ።”